ስምንት ሳምንት ይበቃል፦ አጭር የቦውሊንግ ሊግ እንዴት ይዘጋጃል?

በአሜሪካ የተለመደው የቦውሊንግ ሊግ ሴፕቴምበር ላይ ይጀምርና ኤፕሪል ወይም ሜይ ላይ ያልቃል። ከ30 እስከ 36 ሳምንት ይፈጃል፤ በሳምንት አንድ ምሽት፣ በምሽቱ ሦስት ጨዋታ። አሠራሩ የተቀረጸው የፋብሪካ ፈረቃ በማይለዋወጥበት፣ የሥራ ባልደረቦች ዘወትር ማክሰኞ ማታ አብረው መምጣት በሚችሉበት ዘመን ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ የሊግ አባላት ቁጥር ወደ 9 ሚሊዮን ተጠግቶ ነበር። ከ1980 እስከ 1993 ባሉት ዓመታት ግን ቦውሊንግ የሚጫወተው ሰው በ10 በመቶ ሲጨምር በሊግ የሚጫወተው በ40 በመቶ ቀነሰ። ኳስ የሚወረውረው እየበዛ ለ8 ወር የሚፈርመው አነሰ ማለት ነው።

በሁለት ሥራ ለሚሮጥ፣ የሆስፒታል ፈረቃው በየወሩ ለሚቀያየር ወይም ታክሲ ለሚነዳ ሰው 32 ሐሙስ ቃል መግባት የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ሊጎች አጭር ወቅት ሊያዘጋጁ ይገባል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሳችን ይገባል ነው። ይሁን እንጂ የረጅሙን ሊግ ደንብ ወስዶ ሳምንቱን ብቻ መቁረጥ ያጣላል። በ32 ሳምንት ውስጥ ራሱን የሚያርመው የአማካይ ነጥብ ስሕተት በ8 ሳምንት ውስጥ አይታረምም። አንድ መጥፎ ምሽት በረጅሙ ሊግ ከ32 አንዱ ነው፤ በአጭሩ ከ8 አንዱ ነው። ስለዚህ ሃንዲካፑም (ለደካማ ተጫዋች የሚሰጠው ጭማሪ)፣ የቀሪ ሰው ደንቡም፣ የሽልማቱ ክፍፍልም እንደ አዲስ መሠራት አለበት። ረጅሙን ሊግ የሚወዱት ካሉም ምሽታቸውን አትንኩባቸው፤ አጭሩን በሌላ ቀን አስቀምጡት።

ከዚህ በታች ያለው ለ8 ቡድን፣ ለ8 ሌን (ኳሱ የሚንከባለልበት መስመር) እና ለ8 ሳምንት የተሠራ ነው። ቁጥሩ ሲቀየር ስሌቱን መቀየር ትችላላችሁ።

የሳምንቱን ብዛት የሚወስነው የቡድኑ ብዛት ነው

ዕቁብ ስንት ሳምንት ይሄዳል ቢባል መልሱ ስንት ሰው ገባ የሚል ነው። ሊግም እንደዚያው ነው። ሁሉም ከሁሉም ጋር አንድ ጊዜ እንዲገናኝ ከቡድኖቹ ቁጥር አንድ ያነሰ ሳምንት ያስፈልጋል። 8 ቡድን 7 ሳምንት፣ 10 ቡድን 9፣ 12 ቡድን 11። በዚያ ላይ አንድ የደረጃ ምሽት ጨምሩ፦ 1ኛው ከ2ኛው፣ 3ኛው ከ4ኛው፣ እያለ እስከ መጨረሻው ይጋጠማል። እንግዲህ 8 ቡድን ያለው ሊግ በ8 ሳምንት፣ 12 ቡድን ያለው በ12 ሳምንት ያልቃል። 6 ቡድን ብቻ ከተገኘ ሁለት ጊዜ ዙሩ፤ 10 ሳምንት፣ ከደረጃው ምሽት ጋር 11 ይሆናል።

ብዙ ጀማሪ አዘጋጆች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ «10 ሳምንት» ብለው ያውጁና 8 ቡድን ይመዘግባሉ። ሰባቱ ሳምንት ካለቀ በኋላ የሚተርፉት ሦስት ምሽቶች ማን ከማን ይጫወትባቸው? ጠንካራውን ቡድን ሁለት ጊዜ የገጠመና አንድ ጊዜ የገጠመ ቡድን በአንድ ሰንጠረዥ ላይ ይቀመጣሉ፤ ጭቅጭቁም ከዚያ ይነሣል።

መርሐ ግብሩን በእጅ ለማውጣት ቁጥሮቹን በሁለት ረድፍ ጻፉ። ከላይ 1፣ 2፣ 3፣ 4፤ ከሥር 8፣ 7፣ 6፣ 5። ፊት ለፊት ያሉት ይጋጠማሉ። በሚቀጥለው ሳምንት 1 ቁጥርን ከቦታው ሳትነቀንቁ ሌሎቹን በሰዓት አቅጣጫ አንድ ቦታ አዙሩ። እንዲህ ይወጣል፦

1ኛ ሳምንት፦ 1 ከ8፣ 2 ከ7፣ 3 ከ6፣ 4 ከ5
2ኛ ሳምንት፦ 1 ከ7፣ 8 ከ6፣ 2 ከ5፣ 3 ከ4
3ኛ ሳምንት፦ 1 ከ6፣ 7 ከ5፣ 8 ከ4፣ 2 ከ3

እስከ 7ኛው ሳምንት በዚሁ ይቀጥላል። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ሌኑን በዚሁ ቅደም ተከተል ከመደባችሁት 1 ቁጥር ቡድን ሰባቱንም ሳምንት በአንድ ጥንድ ሌን ላይ ይውላል። ሁለት ሌን አንድ ዓይነት ዘይት ቢቀባም ኳሱን እኩል አይዝም፤ ዘወትር በአንድ ሌን ላይ የሚጫወት ሰው ጸባዩን ያውቀዋል። ከግጥሚያው ዝርዝር ጎን ሌላ ሠንጠረዥ አውጡና እያንዳንዱ ቡድን በአራቱ ጥንዶች ላይ ስንት ጊዜ እንደወደቀ ቁጠሩ። ሁለት ጊዜ ጥሩ ነው፣ ሦስት ይታለፋል፣ አራት ከሆነ አስተካክሉ። የሊግ ሶፍትዌር ያለው የቦውሊንግ ቤት ይህን በደቂቃ ያወጣላችኋል፤ ጠይቁ።

ሰባት ቡድን ብቻ ቢመጣ 8ኛውን ባዶ አድርጋችሁ መዝግቡ። በዕጣው ባዶው የደረሰው ቡድን ከራሱ አማካይ ጋር ይጫወታል፦ በየጨዋታው ከቡድኑ ድምር አማካይ ላይ ለእያንዳንዱ ተጫዋች 10 ፒን (በኳስ የሚጣለው እንጨት፣ አንዱ አንድ ነጥብ) ተቀንሶ ያንን ካለፈ ነጥቡን ያገኛል። እቤት ይቅር ከተባለ ግን አንድ ሳምንት ያመለጠው ሰው ሁለተኛውንም መቅረት ይቀለዋል።

ነጥቡን በቀላሉ አድርጉት፤ ለእያንዳንዱ ጨዋታ 1፣ ለሦስቱ ድምር 1፣ በምሽት 4 ነጥብ።

ሦስት ይጫወታል፣ ስድስት ይመዘገባል

ሊግን ተለዋዋጭ የሚያደርገው ትልቁ መሣሪያ ይህ ነው፤ ከሳምንቱ ማጠር ይልቅ ሰው የሚያቆየውም እሱ ነው። ቡድኑ በምሽት ሦስት ሰው ያሰልፋል፤ በመዝገቡ ግን እስከ ስድስት ስም ይኖረዋል። ማን ተረኛ እንደሆነ አምበሉ ከሰኞ ጀምሮ በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ ይጠይቃል፤ የመጣው ይጫወታል። ክፍያው የሰው ሳይሆን የቡድን ይሁን። አበበ ወይም ከበደ ቢመጣ ለጸሐፊው ለውጥ የለውም፤ በየሳምንቱ የሦስት ሰው ሂሳብ ይገባል።

የሦስት ሰው ቡድን ሌላም ጥቅም አለው። አንድ ሰው አንድ ጨዋታ ለመጨረስ በአማካይ 10 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። በአንድ ጥንድ ሌን ላይ ሁለት ባለ ሦስት ቡድን ሲጫወት ስድስት ሰው፣ ሦስት ጨዋታ፣ 180 ደቂቃ ለሁለት ሌን ሲካፈል 90 ደቂቃ ነው። ባለ አራት ቡድን ቢሆን 120 ደቂቃ፣ ባለ አምስት 150 ይሆናል። በዚህ ላይ 10 ደቂቃ ማሟሟቂያ ይጨመራል። በነጋታው ንጋት ላይ ሥራ የሚገባ ሰው ይህን ልዩነት ያውቀዋል።

«ጊዜ ለመቆጠብ ሁለት ጨዋታ ብቻ እናድርገው» የሚል ሐሳብ መነሣቱ አይቀርም። ይቻላል፤ ግን የሚያስከፍለው አለ። ብዙ ውድድሮች የአንድን ሰው አማካይ ነጥብ የሚቀበሉት በ21 ጨዋታ ላይ የተመሠረተ ሲሆን ነው። ሦስት ጨዋታ ሲባዛ በ8 ሳምንት 24 ነው፤ አንድ ምሽት የቀረ ሰው በትክክል 21 ላይ ይቆማል፣ ሁለት ምሽት የቀረ በ18 ይቀራል። በሁለት ጨዋታ ከሄዳችሁ አንድም ቀን ያልቀረው ሰው እንኳ 16 ላይ ያልቅበታል። ስድስት ስም የመዘገበ ቡድንም አማካይ የሚፈልገውን ሰው ከመጀመሪያው ለይቶ 7 ምሽት እንዲደርሰው ያድርግ።

ቀን መምረጥ

የመጸው ጠቃሚ ጊዜ ከሌበር ዴይ እስከ ታንክስጊቪንግ ያለው ነው። በ2026 ሌበር ዴይ ሴፕቴምበር 7፣ ታንክስጊቪንግ ኖቬምበር 26 ነው፤ በመካከሉ 11 ሐሙስ አለ። የሐበሻ ቡድኖች የበዙበት ሊግ ከሆነ የመጀመሪያውን ሐሙስ ሴፕቴምበር 10ን ተዉት፤ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። ከሴፕቴምበር 17 ጀምራችሁ ኖቬምበር 5 ላይ ስትጨርሱ ሁለት ትርፍ ሐሙስ በእጃችሁ ይቀራል። ማሽን የሚበላሽበት ምሽት ሊመጣ ስለሚችል ትርፍ ምሽት የሌለው መርሐ ግብር አታውጡ።

የጃንዋሪው ወቅት ደግሞ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በ2027 ጃንዋሪ 7 ሐሙስ ሆኖ ገና የሚውልበት ነው፤ በ14 ጀምሩ። ስምንተኛው ሳምንት ማርች 4 ላይ ይወድቃል፤ ዐቢይ ጾም የሚገባው ማርች 8 ሰኞ ስለሆነ ለጾመኛው ልክ ይመጣለታል። ረመዳን ግን በፌብሩዋሪ 8 አካባቢ ስለሚገባ የወቅቱን ግማሽ ይይዛል። ጨዋታውን ከምሽቱ 1፡30 በፊት አትጀምሩ፤ በዋሽንግተን ዙሪያ በዚያ ወር ፀሐይ ቀድማ ስለምትጠልቅ አፍጥሮ ለመድረስ ይበቃል። ተራዊሕ ለማይቀር ሰው ግን መፍትሔው ያው ስድስት ስም ያለው መዝገብ ነው።

ከዚያ በኋላ ላለው ወቅት ሁለት ምርጫ አለ። ጾሙ ውስጥ መጫወት የማይፈልገው ከበዛ ፋሲካ ሜይ 2 ካለፈ በኋላ ሜይ 6 ጀምሮ ጁን 24 መጨረስ ይቻላል፤ ክፍተቱ ግን 9 ሳምንት ነው፣ ሰው ይበተናል። «ጾሙ ቦውሊንግ አይከለክልም» የሚለው ከበዛ ደግሞ ማርች 18 ጀምራችሁ፣ የጸሎተ ሐሙስን ኤፕሪል 29 ዘልላችሁ፣ ሜይ 13 ጨርሱ። እኛ ሁለተኛውን እንመርጣለን። የቦውሊንግ ቤቱ ምግብ ቤት ለጾም የሚሆን ከድንች ጥብስ ሌላ ብዙም እንደማይኖረው ግን አስቀድማችሁ ለሰው ንገሩ።

ሃንዲካፕ፦ አጭር ሊግ የሚፈርስበት ቦታ

ሃንዲካፕ ማለት ደካማውን ከጠንካራው ጋር ለማቀራረብ የሚሰጥ ጭማሪ ፒን ነው። የተለመደው ቀመር ከ220 ላይ የሰውየው አማካይ ይቀነስና የልዩነቱ 90 በመቶ ይወሰዳል፤ ከነጥብ በኋላ ያለው ቁጥር ይጣላል። አማካዩ 150 የሆነ ሰው 70 ይጎድለዋል፤ 90 በመቶው 63 ነው። 220 የተባለው መነሻ በሊጉ ካለው ትልቁ አማካይ መብለጥ አለበት፤ 224 የሚጫወት ሰው ከተመዘገበ 230 አድርጉት። ወደ 100 በመቶ ለማሳደግ አትቸኩሉ። በ90 በመቶ ሲሰላ 200 የሚጫወተው 18 ተጨምሮለት 218 ይደርሳል፣ 150 የሚጫወተው 213 ይደርሳል። ለጠንካራው የቀረችው አምስት ፒን ተገቢ ናት፤ አዲስ ተጫዋች በወቅቱ ውስጥ በፍጥነት ስለሚሻሻል ያቺን አምስት ፒን ብዙ ጊዜ ይበላታል።

ችግሩ ያለው አማካዩ ከየት መጣ በሚለው ላይ ነው። አዲስ የገባች ተጫዋች በመጀመሪያው ምሽት 118፣ 131 እና 140 ጣለች እንበል። ድምሩ 389፣ አማካዩ 129፣ ሃንዲካፑ 81። በሁለተኛው ምሽት እጇ ሲፍታታ 165፣ 172፣ 158 አስመዘገበች፤ 495 ነው። ባለፈው ሳምንት ሃንዲካፕ ከተሰላላት በየጨዋታው 81 ተጨምሮ 738 ይሆናል፣ በጨዋታ 246 ማለት ነው። ያንን ማንም አያሸንፈውም። በ32 ሳምንት ሊግ ውስጥ ይህ ተረስቶ ይቀራል፤ በ8 ሳምንት ውስጥ ግን የተጋጣሚው ቡድን አራት ነጥብ በከንቱ ሄደ።

መድኃኒቱ ይህ ነው። አማካይ ለሌለው ተጫዋች በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ሃንዲካፑ ከጨዋታው በኋላ ይሰላ፣ የዚያን ምሽት ውጤት ጨምሮ። የልጅቷ የሁለቱ ምሽት ድምር 884 ነው፤ ለ6 ሲካፈል 147፣ ሃንዲካፑ 65። 495 ላይ 195 ሲጨመር 690 ይመጣል። ከ738 ጋር 48 ፒን ይለያያል፤ ብዙ ግጥሚያ የሚወሰነው ከዚያ ባነሰ ነው። ከ4ኛው ሳምንት ጀምሮ ወደ ተለመደው ተመለሱ፤ ሰውየው ወደ አዳራሹ ሲገባ በያዘው አማካይ ይሰላል።

ይህ አሠራር ሆን ብለው አማካያቸውን ለሚያወርዱትም ልጓም ነው። በመጀመሪያ ምሽት አውቆ የሚስት ሰው ሃንዲካፑ የሚሰላው በዚያው ምሽት ስለሆነ ለሚቀጥለው ሳምንት የሚያከማቸው ትርፍ ያንሳል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ምሽት ሲያሻሽል አማካዩም አብሮ ይወጣል። ከሌላ ሊግ የ21 ጨዋታ አማካይ ያለው ሰው ደግሞ ያንን ያቅርብ፤ እስከ 3ኛው ሳምንት ድረስ ከአሮጌውና ከአዲሱ የሚበልጠው ይያዝለት። «ድሮ ነበር፣ አሁን ክንዴን ያመኛል» የሚል ይኖራል። ደንቡን ከ3ኛው ሳምንት በኋላ እንጂ በ1ኛው አታላሉለት።

ቀሪ ሰው፣ ዘግይቶ የመጣ ሰው፣ አስቀድሞ የሚጫወት ሰው

ግጥሚያ እንዲጸድቅ ከቡድኑ ቢያንስ ግማሹ መገኘት አለበት፤ ከሦስት ሁለት። ለጎደለው ሰው አማካዩ ላይ 10 ፒን ተቀንሶ ይመዘገብለታል። አስሯ ፒን የተቀመጠችው ሆን ተብሎ ነው። ሙሉ አማካይ ቢሰጥ እጁ የከዳው ሰው ቤቱ ቢቀር ለቡድኑ ይሻለዋል። አንድ ሰው ብቻ ከመጣ ፎርፌ ነው፤ ያም ሆኖ የመጣው ሰውና ተጋጣሚው ይጫወቱ፣ ጨዋታቸውም ለአማካያቸው ይቆጠር።

ለዘገየ፦ ቡድኑ ሦስተኛውን ፍሬም (በአንድ ጨዋታ ውስጥ ያለ የውርወራ ተራ) ሳይጀምር የደረሰ ያመለጠውን አሟልቶ ይግባ፤ ከዚያ በኋላ የደረሰ ከሁለተኛው ጨዋታ ይጀምር። አንድ ሰው ለመጠበቅ ስምንቱ ሌን መቆም የለበትም።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያከራክረው በሌላ ቀን መጫወት ነው። ተለዋዋጭ ሊግ እንላለን ካላችሁ ጨርሶ መከልከል አትችሉም። ግን ቀድሞ መጫወት እንጂ በኋላ ተመልሶ መጫወት አትፍቀዱ። በኋላ የሚጫወተው ሰው ተጋጣሚው ስንት እንዳገኘ አውቆ ነው ኳሱን የሚያነሣው፤ ካልተሳካለትም «ሌላ ቀን ልሞክር» የሚል ፈተና አለበት። ለአንድ ሰው በወቅቱ አንድ ምሽት ብቻ ይፈቀድ፤ ከሊጉ ምሽት በፊት ባሉት 7 ቀናት ውስጥ፣ በቤቱ ሠራተኛ ዕይታ፣ ሦስቱ ጨዋታ በተከታታይ። ውጤቱ ለጸሐፊው ብቻ ይሰጥና በሊጉ ምሽት ይገለጽ። በ7ኛውና በ8ኛው ሳምንት አይፈቀድ። የሌኑን ሁኔታም አትርሱ፦ ማለዳ የተቀባ ዘይት ብዙ ሰው ከተጫወተበት ወዲያ ይሸሻል፤ ከሰዓት በኋላ የተጫወተው ሰው ኳሱ ቀድሞ ይታጠፍበታል። ቀድሞ የሚጫወተው ትርፍ አያገኝም የምንለው ለዚህ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ይጎዳል።

ገንዘቡ

ለምሳሌ የአንድ ተጫዋች የምሽት ክፍያ 20 ዶላር ይሁን፤ 14ቱ ለቦውሊንግ ቤቱ፣ 5ቱ ለሽልማት፣ 1ዱ ለጸሐፊው። ቡድኑ በምሽት 60 ዶላር ይከፍላል። ስምንት ቡድን በስምንት ሳምንት 3,840 ዶላር ነው፤ ከዚህ 960 የሽልማቱ፣ 192 የጸሐፊው።

በመጀመሪያው ምሽት የ1ኛውና የ8ኛው ሳምንት ክፍያ በአንድ ላይ ይግባ፣ 120 ዶላር። ዕቁብ የሰበሰበ ሁሉ ምክንያቱን ያውቃል፦ ሰው የሚጠፋው ወደ መጨረሻ፣ ተስፋ ሲቆርጥ ነው። በረጅሙ ሊግ ባለዕዳን ማባበያ ጊዜ አለ፤ እዚህ ሁለት ሳምንት ያልከፈለ ቡድን የወቅቱን ሩብ ተበድሯል። አንድ ሳምንት ሲያልፍ ይነገረው፣ ሁለተኛው ሲደርስ ሳይከፍል አይጫወት።

ሽልማቱን አታሹሉት። በ32 ነጥብ ውስጥ አንድ ዕድለኛ ምሽት 4 ነጥብ ስለሆነ 1ኛና 3ኛ የሚለያዩት ብዙ ጊዜ በችሎታ አይደለም። የ960 ዶላሩ አንድ ክፍፍል ይኸው፦ 1ኛ 210፣ 2ኛ 165፣ 3ኛ 120፣ 4ኛ 105፣ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ለእያንዳንዱ 60። የቀረው 120 ለግል ሽልማት ነው፤ ለወንድም ለሴትም፣ ከሃንዲካፕ ጋር ለከፍተኛው ጨዋታና ለከፍተኛው የሦስት ጨዋታ ድምር፣ ለእያንዳንዱ 30። ለግል ሽልማት ለመወዳደር ቢያንስ 15 ጨዋታ ይጠየቅ፤ አለበለዚያ አንድ ምሽት ብቅ ያለ ባለ 230 ሰው ወስዶት ይሄዳል።

ሊጉ የአገሪቱን ቦውሊንግ በሚመራው በዩናይትድ ስቴትስ ቦውሊንግ ኮንግረስ (USBC) ከተመዘገበ አማካዩ በሌላ ውድድር ይታወቃል፣ የሊጉ ገንዘብም ዋስትና ያገኛል። በምትኩ ደንብ አለው፦ ሊቀመንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመረጣሉ፤ የባንክ ሂሳቡ ሁለት ፊርማ ይጠይቃል፤ ሊቀመንበሩ በየወሩ ሂሳቡን ራሱ ያረጋግጣል። የአባልነት ዘመኑ ከኦገስት 1 እስከ ጁላይ 31 ስለሆነ በዓመት ሦስት አጭር ሊግ የሚጫወት ሰው ብሔራዊ መዋጮውን የሚከፍለው አንድ ጊዜ ነው። አጭር ሊግን የሚፈራ አባል ካለ ይህን ንገሩት፤ ብዙው ሦስት ጊዜ የሚከፍል ይመስለዋል።

ሥራ አስኪያጁን ማሳመን

የቦውሊንግ ቤት ባለቤት ረጅም ሊግ የሚወደው የሥራ ቀን ምሽቶቹን ገቢ አስቀድሞ ስለሚያውቅ ነው። ሂሳቡን ይዛችሁ ሂዱ። 24 ሰው በ14 ዶላር በምሽት 336 ነው፤ በ32 ሳምንት 10,752። ባለ 8 ሳምንት አራት ወቅት ሲደመር ያው 32 ሳምንት፣ ያው 10,752 ነው። የሚፈራው አንዱ ወቅት ሲሳሳ ነው፤ 6 ቡድን ብቻ ቢመጣ በዚያ ወቅት 2,688 የነበረው 2,016 ይሆናል፣ 672 ይጎድላል። እናንተም ይህን አትደብቁት። በምትኩ የምትሰጡት ነገር አለ፦ አጭር ሊግ አዲስ ሰው ያመጣል፣ አዲስ ሰው ደግሞ ጫማ ይከራያል፣ ምግብ ያዝዛል፣ ቤተሰቡን ይዞ ቅዳሜ ይመለሳል። እንዲያውም የጫማ ኪራዩን በ14ቱ ውስጥ እንዲያካትትላችሁ ጠይቁ። ለጀማሪ በየሳምንቱ ተጨማሪ የጫማ ሂሳብ የሚያናድደው ገንዘቡ ሳይሆን ሁለት ጊዜ መሰለፉ ነው።

ተጫዋቹ በክፍያው ውስጥ የራሱን ኳስ የሚያገኝበት ሊግም ማሰብ ትችላላችሁ። ኳሱ ከነመብሳቱ ለምሳሌ 120 ዶላር ቢሆን በ8 ሳምንት ሲከፈል በምሽት 15 ይጨምራል፤ ይከብዳል። በ12 ሳምንት 10 ዶላር ስለሚሆን ለዚያ ተዉት። ቀዳዳው በጣት ልክ መበሳት ስላለበት ልኬቱ በ1ኛው ምሽት ይወሰድ። ክብደቱ ቢበዛ 16 ፓውንድ ነው፤ ለጀማሪ ሁሉ ግን ከባድ ማስገዛት አውራ ጣቱን ያሳብጠዋል። በ3ኛው ጨዋታ ላይ ትከሻው ሳይወርድ የሚወረውረውን ይምረጥ።

ቀጣዩ ወቅት የሚጀምረው በ6ኛው ሳምንት ነው

ረጅም ሊግ ሰው የሚጠፋበት በር በዓመት አንድ ጊዜ ይከፈታል። አጭር ሊግ በዓመት አራት ጊዜ ይከፍተዋል፤ ትልቁ ድክመቱ ይኸው ነው። ስለዚህ የመመዝገቢያውን ወረቀት በ8ኛው ምሽት ሽልማት ሲታደል አታውጡት፤ ያን ጊዜ የተሸነፈው ቡድን ጃኬቱን ለብሷል። በ6ኛው ሳምንት፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ጨዋታ መካከል፣ አምበሎቹ ጋ ወረቀቱን ይዛችሁ ዙሩ። የሚጠይቀው ሦስት ነገር ብቻ ይሁን፦ ቡድኑ ይቀጥላል ወይ፣ በየትኛው ምሽት፣ ስንት ሰው አለው። ሁለት ሰው የጎደለውን ቡድን ሁለት ሰው ከተረፈው ጋር የምታገናኙት በዚያ ሁለት ሳምንት ውስጥ ነው። በ8ኛው ምሽት 60 ዶላር የሚደርሰው ቡድን ካለ በጥሬ ገንዘብ ይውሰድ ወይስ ለቀጣዩ የመጀመሪያ ምሽት ይያዝለት ብላችሁ ጠይቁት። ይያዝልኝ ያለውን ከሽልማቱ ቀንሳችሁ ደረሰኝ ስጡት፤ ቦታውም ተይዟል።